ኩላሊት ሲታመም አንጀትን መጠየቅ

(የዝግጅቱ መለያ ሙዚቃ፤ ለአፍታ ተሰምቶ ዝቅ ይላል)

የዛሬው ዝግጅታችን የኩላሊት ሕመምን ይመለከታል፤ ብዙውን ጊዜያችንን የምናሳልፈው ግን አንጀት ውስጥ ነው። ምክንያቱን እየቆየን እናየዋለን። የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ልንገራችሁ።

ከምልክቱ እንጀምር። ጉሮሮውን ያመመው አንድ ወጣት አለ እንበል፤ በእኛ አነጋገር «ቶንሲሉ ተነስቶበታል»። በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ሽንቱ ጠቁሮ፣ የኮካ መልክ ይዞ ይወርዳል። ይደነግጣል። ሁለት ሦስት ቀን ሲቆይ ሽንቱ ይጠራል፣ ጉሮሮውም ይሻለዋል፣ ነገሩ ይረሳል። የሚቀጥለው ጉንፋን ሲመጣ ሽንቱም እንደገና ይጠቁራል። ይህ ወጣት እንዲያውም ዕድለኛ ነው፤ ቢያንስ የሚታይ ነገር አይቷል። ብዙዎቹ ሕሙማን ሽንታቸው ውስጥ ያለው ደም በዓይን የማይለይ ትንሽ ስለሆነ፣ ለሌላ ጉዳይ ተመርምረው ካልተገኘባቸው በስተቀር ለዓመታት ሳያውቁት ይኖራሉ።

ሐኪሞች ይህን በሽታ አይ ጂ ኤ ኔፍሮፓቲ ይሉታል። የራስ የመከላከያ ሥርዓት የኩላሊትን ማጣሪያ ከሚያስቆጣባቸው በሽታዎች መካከል በዓለም ላይ በብዛት የሚታየው እሱ ነው።

ማጣሪያ ስል ምን ማለቴ ነው? በእያንዳንዱ ኩላሊታችን ውስጥ አንድ ሚሊዮን ገደማ የሚሆኑ፣ ከቀጫጭን የደም ሥሮች የተጠቀለሉ ጥቃቅን ማጣሪያዎች አሉ። በቀን 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ በእነሱ በኩል ይጠለላል፤ አብዛኛው ተመልሶ ወደ ደም ይገባና አንድ ሁለት ሊትሩ ብቻ ሽንት ሆኖ ይወጣል። ማጣሪያው ሲቆጣ ማለፍ የሌለበት ደምና ፕሮቲን ሾልኮ ያልፋል። ቁጣው ሲቆይ ማጣሪያው ጠባሳ ይሆናል፣ ጠባሳ የሆነው ደግሞ ተመልሶ አይሠራም።

በ1968 ፓሪስ በሚገኘው ኔኬር ሆስፒታል ይሠሩ የነበሩት ዣን በርዤና ኒኮል ኢንግሌ አንድ አጭር ጽሑፍ አሳተሙ። የተጠቀሙበት ዘዴ ያኔ ገና አዲስ ነበር። ከታማሚ ኩላሊት በመርፌ በተወሰደ ናሙና ላይ የሚያበራ ቀለም የተለጠፈበት ንጥረ ነገር ጨምረው በማይክሮስኮፕ ያዩታል፤ የሚፈልጉት ነገር ካለ በጨለማው ውስጥ ይበራል። ሽንታቸው ደም ባለበት በእነዚህ ሕሙማን ኩላሊት ውስጥ፣ በደም ሥሮቹ መካከል ተከማችቶ የበራው ኢሚውኖግሎቡሊን ኤ ነበር፤ ባጭሩ አይ ጂ ኤ። መጀመሪያ ላይ በሽታው ቀላል ነው ተብሎ ታስቦ ነበር። ሕሙማኑን ለረጅም ዓመታት ሲከታተሉ ግን ከመቶው ከ20 እስከ 40 የሚሆኑት በ20 ዓመት ውስጥ ኩላሊታቸው ሥራውን እንደሚያቆም ታወቀ። ያ ማለት የኩላሊት እጥበት ወይም ንቅለ ተከላ ነው፤ የሁለቱን ዋጋ ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ጥያቄው ይህ አይ ጂ ኤ የሚባለው ነገር ኩላሊት ውስጥ ምን ሊሠራ ገባ የሚል ነው። አይ ጂ ኤ ፀረ እንግዳ አካል ነው፤ ማለትም ሰውነታችን ጀርሞችን ለመያዝ ከሚያመርታቸው ፕሮቲኖች አንዱ። ዋና የሥራ ቦታው ግን ደም አይደለም። የሚሠራው በአንጀት፣ በአፍንጫ፣ በጉሮሮና በሳንባ ሽፋን ላይ ነው። እናት ከወለደች በኋላ በመጀመሪያዎቹ ቀናት በምታጠባው እንገር ውስጥ ሞልቶ የሚገኘውም እሱ ነው። ሰውነታችን በየቀኑ የሚያመርተው አይ ጂ ኤ፣ ሌሎቹ ፀረ እንግዳ አካላት በሙሉ ተደምረው ከሚመረቱት ይበልጣል። የሚበዛው ደግሞ የሚመረተው አንጀት ግድግዳ ውስጥ ነው።

ይህን ያህል ማምረት ለምን አስፈለገ ቢባል፣ አንጀታችን ባዶ ቤት ስላልሆነ ነው። በ2016 የእስራኤሉ ዋይዝማን ተቋም ተመራማሪዎች እንደገመቱት በአንድ ጎልማሳ ሰው ሰውነት ውስጥ 38 ትሪሊዮን ያህል ባክቴሪያ ይኖራል፤ ከሞላ ጎደል ሁሉም አንጀት ውስጥ። የራሳችን ሕዋሳት ቁጥር 30 ትሪሊዮን ገደማ ነው። ባክቴሪያው ከሕዋሳችን አሥር እጥፍ ይበልጣል እየተባለ ዛሬም ይነገራል፤ ከዚህ ስሌት በኋላ ግን የሚያስኬድ አይደለም። ያም ሆኖ አብሮን የሚኖረው ሕዝብ ቀላል አይደለም። ምግብ ያብላላል፣ ቫይታሚን ይሠራል፣ የመከላከያ ሥርዓታችንንም ከሕፃንነት ጀምሮ ያሠለጥናል። አይ ጂ ኤ ይህን ሕዝብ አይጨፈጭፍም። ከአንጀት ሽፋን አርቆ በየቦታው ያስቀምጠዋል እንጂ።

ሁለተኛው ጥያቄ ጥፋቱ የማን ነው የሚለው ነው። ጥፋቱ የኩላሊቱ ነው ወይስ የአይ ጂ ኤው? ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የተገኘው ከንቅለ ተከላ ነው። በዚህ በሽታ ኩላሊታቸው ከሥራ ውጪ የሆነ ሰዎች ጤነኛ ኩላሊት ሲተከልላቸው፣ ከጊዜ በኋላ አይ ጂ ኤ በአዲሱም ኩላሊት ላይ ሲከማች ታየ። ይህን ቀድሞ ካስተዋሉት አንዱ ራሱ በርዤ ነበር። ተቃራኒውም ደርሷል። ለጋሹ ሳይታወቅበት ይህ በሽታ ነበረበት፤ ኩላሊቱ የተሰጠው ግን በሌላ በሽታ ለታመመ ሰው ነው። በተቀባዩ ሰውነት ውስጥ ጥቂት ሳምንታት ሲቆይ የተከማቸው አይ ጂ ኤ ከኩላሊቱ ጠፋ። ነገሩ ከሌላ ቦታ የሚመጣ መሆኑን ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ነገር ለእኔ አይታየኝም። ኩላሊቱ የሚደርስበትን ይቀበላል እንጂ የችግሩ መነሻ አይደለም።

ታዲያ የሚመጣው ምን ዓይነት አይ ጂ ኤ ነው? በአሜሪካ በርሚንግሃም፣ በአላባማ ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ለዓመታት የቆፈሩት ይህንን ነው። አይ ጂ ኤ ፕሮቲን ይሁን እንጂ ወገቡ ላይ ትንንሽ የስኳር ሰንሰለቶች ተለጥፈውበታል። በእነዚህ ሕሙማን ደም ውስጥ የሚዞረው አይ ጂ ኤ ከሰንሰለቱ ጫፍ ጋላክቶስ የተባለው ስኳር ይጎድለዋል።

የአንድ ትልቅ ግቢ ዘበኛ አስቡ። በሥራው ላይ እያለ ደንብ ልብሱን ተገፈፈ። ራቁቱን ወደ ዋናው መንገድ ሲወጣ የራሱ ባልደረቦች አላወቁትም፤ ሌባ መስሏቸው ተረባርበው ያዙት። ሰውነት ውስጥም የሚሆነው ይኸው ነው። ጋላክቶስ የጎደለውን አይ ጂ ኤ ሌሎች ፀረ እንግዳ አካላት እንደ ባዕድ ቆጥረው ይይዙታል፣ ተያይዘውም ትልቅ ጥቅል ይሆናሉ። ጥቅሉ በደም ዞሮ ዞሮ ኩላሊት ማጣሪያ ላይ ሲደርስ ይቀመጣል። ያኔ ቁጣው ይጀምራል።

ደንብ ልብሱን ማን ገፈፈው ስንል ወደ አንጀት እንመለሳለን።

(አጭር ሙዚቃ)

በ2011 የወጣ የአይጥ ጥናት መንገዱን ጠቆመ። አይጦቹ አይ ጂ ኤ ከመጠን በላይ እንዲያመርቱ ሆነው የተዘጋጁ ነበሩ፤ ኩላሊታቸውም ላይ ተከማችቶ ይታመማሉ። ተመራማሪዎቹ እነዚህኑ አይጦች ምንም ባክቴሪያ በሌለበት፣ አየሩና ምግቡ ሁሉ በተጣራበት ክፍል ሲያሳድጓቸው ግን ኩላሊታቸው ላይ አይ ጂ ኤ አልተከማቸም። የተለመዱት የአንጀት ባክቴሪያዎች ሲገቡላቸው አይ ጂ ኤው መጣ። የዘር ዝንባሌው ብቻውን አልበቃም፤ የባክቴሪያው መኖርም ያስፈልጋል ማለት ነው።

ከዚያ በ2024 በርዤ ከሠራባት ከዚያችው ከፓሪስ ከተማ ሌላ ሥራ ወጣ። አንድ ባክቴሪያ በስሙ ተጠርቶበታል፤ አከርማንሲያ ሙሲኒፊላ ይባላል። በ2004 በኔዘርላንድስ ቫኽኒንገን ዩኒቨርሲቲ ተለይቶ የታወቀና አንቶን አከርማንስ በተባለ የዚያው አገር ሳይንቲስት ስም የተሰየመ ነው። ምግቡ የአንጀትን ሽፋን የሚሸፍነው ንፍጥ ነው፤ ንፍጡ ላይ ያሉትን የስኳር ሰንሰለቶች የሚቆርጡ ኢንዛይሞች አሉት። የፓሪሱ ቡድን እንዳሳየው እነዚሁ ኢንዛይሞች የአይ ጂ ኤን የስኳር ሰንሰለትም ይቆርጣሉ። የተቆረጠው አይ ጂ ኤ በአይጦች ላይ ከአንጀት ወደ ደም ተመልሶ ገብቶ ኩላሊት ላይ ሲቀመጥ ታይቷል። በሽታው ባለባቸው ሰዎች አንጀት ውስጥም ይህ ባክቴሪያ በዝቶ ተገኝቷል።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል፤ የነገሩ ፍሬ ያለው እዚህ ነው። አከርማንሲያ እኮ «ጥሩ» ከሚባሉት ባክቴሪያዎች ተራ የተሰለፈ ነው። ከውፍረትና ከስኳር በሽታ ይጠብቃል እየተባለ ብዙ ተጽፎለታል፤ በአውሮፓና በአሜሪካ በእንክብል ታሽጎ ይሸጣል። ያው ባክቴሪያ በአንዱ ሰው አንጀት ወዳጅ፣ የዘር ዝንባሌው ባለበት በሌላው ሰው አንጀት ደግሞ የነገር መነሻ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ዘመድ ከውጭ አገር በሻንጣ ያመጣላችሁን የፕሮባዮቲክ ብልቃጥ፣ ኩላሊታችሁ ላይ ሕመም ካለ፣ ለሐኪማችሁ ሳታሳዩ አትክፈቱት። «ባክቴሪያ ነው፣ ተፈጥሯዊ ነው፣ አይጎዳም» የሚለው የሻጭ ቋንቋ ነው።

የዘር ዝንባሌ ያልኩትስ ከየት መጣ? በሽታው በጃፓንና በቻይና እጅግ የተለመደ ነው፣ በአውሮፓ መካከለኛ፣ በአፍሪካውያን ዘንድ ግን አነስተኛ። በ2014 ኒውዮርክ የሚገኘው የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ቡድን ከ20 ሺህ በላይ ሰዎችን ዘረ መል መርምሮ አንድ አስገራሚ ነገር አወጣ። ለበሽታው ከሚያጋልጡት የዘር ልዩነቶች አብዛኞቹ ወይ የአንጀትን ሽፋን ከመጠበቅ ጋር የተያያዙ ናቸው፣ ወይ ከአንጀት ቁስለት በሽታዎች ጋር የሚጋሩ። ደግሞም እነዚህ ልዩነቶች የሚበዙት በአካባቢው ያሉ የአንጀት ትላትሎች ዓይነት በበዛበት ሕዝብ ዘንድ ነው። የተመራማሪዎቹ ግምት አያት ቅድመ አያቶቻቸውን ከወስፋትና ከመሰሎቹ የጠበቀ ጠንካራ የአንጀት መከላከያ፣ ትሉ በሌለበት ዘመን በልጅ ልጆቻቸው ኩላሊት ላይ ዞረ የሚል ነው።

ተመሳሳይ ታሪክ ያለው ሌላም የኩላሊት ዘረ መል አለ፤ ከአንጀት ጋር ባይያያዝም ልጥቀሰው። አፖ ኤል አንድ ይባላል። በምዕራብ አፍሪካ ሕዝቦች ዘንድ የእንቅልፍ በሽታን ለመከላከል የጠቀመ፣ ዛሬ ግን ኩላሊትን ለጉዳት የሚያጋልጥ የዘር ልዩነት ነው። በ2011 የወጣ ጥናት ይህ ልዩነት በኢትዮጵያውያን ላይ እንዳልተገኘ አሳይቷል። አሜሪካ የምትኖሩ ወገኖች ስለ «ጥቁር ሰው ኩላሊት» በጅምላ ሲነገራችሁ ይህን ማስታወስ አይከፋም። አፍሪካ አንድ መንደር አይደለችም።

(አጭር ሙዚቃ)

መነሻው አንጀት ከሆነ መድኃኒቱንስ አንጀት ላይ ማሳረፍ አይቻልም ወይ? የተሞከረው ይኸው ነው። የትንሹ አንጀት የመጨረሻ ክፍል ላይ የመከላከያ ሕዋሳት ተሰባስበው የሚኖሩባቸው ሠፈሮች አሉ፤ በ1677 የገለጻቸው ስዊዘርላንዳዊ ሐኪም ዮሐን ፔየር ስለሆነ በስሙ ይጠራሉ። አይ ጂ ኤ የሚያመርቱት ሕዋሳት የሚታዘዙት ከዚያ ነው። ቡዴሶናይድ የተባለ፣ ለአስም ሕሙማን በሚነፋ መልኩ የሚታወቅ ስቴሮይድ፣ ጨጓራን አልፎ ልክ እዚያ ቦታ ሲደርስ በሚከፈት እንክብል ተዘጋጀ። ከአንጀት ወደ ደም የሚገባውን ጉበት አብዛኛውን ስለሚያመክነው፣ ፊት የሚያሳብጠውና አጥንት የሚያሳሳው የተለመደው የስቴሮይድ ጣጣ ይቀንሳል፤ ጨርሶ ባይጠፋም።

በ364 ሕሙማን ላይ በተደረገ ሙከራ ግማሾቹ መድኃኒቱን፣ ግማሾቹ ባዶ እንክብል ለዘጠኝ ወር ወሰዱ። ከዚያ በኋላ መድኃኒቱ ቆሞ ተከታተሏቸው። በሁለት ዓመቱ መጨረሻ መድኃኒቱን የወሰዱት ኩላሊት ያጣው አቅም ካልወሰዱት በግማሽ ያህል ያነሰ ነበር። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በታኅሣሥ 2021 በቅድሚያ፣ በታኅሣሥ 2023 ደግሞ በሙሉ ፈቃድ አጽድቆታል። ዋጋው ውድ ነው። ሕሙማን በየትም አገር ቀድመው የሚታዘዝላቸው የደም ግፊትን ዝቅ የሚያደርጉና በሽንት የሚወጣውን ፕሮቲን የሚቀንሱ፣ ረከስ ያሉና የቆዩ መድኃኒቶች ናቸው፤ ጨው መቀነስም አብሮ ይታዘዛል። እነዚህን አትናቁ።

ከአይ ጂ ኤ ውጪም የአንጀትና የኩላሊት ጉዳይ ይነሳል። ከአሥር ሕሙማን ዘጠኙ ሴቶች በሆኑበት በሉፐስ በሽታ፣ በ2019 የኒውዮርክ ተመራማሪዎች ሩሚኖኮከስ ናቩስ የተባለ ባክቴሪያ በሕሙማኑ አንጀት ውስጥ አምስት እጥፍ ገደማ በዝቶ አግኝተዋል፤ ይበልጥ የበዛው ኩላሊታቸው በተጠቃው ላይ ነበር። በ2016 ደግሞ የጀርመን ሐምቡርግ ተመራማሪዎች ብርሃን ሲያርፍባቸው ከአረንጓዴ ወደ ቀይ የሚለወጡ ሕዋሳት ያሏቸው አይጦችን ተጠቅመው አንድ ነገር በዓይናቸው አዩ። አንጀት ውስጥ እያሉ ቀይ የተደረጉ የመከላከያ ሕዋሳት፣ ኩላሊት ሲቆጣ ተነስተው ወደዚያ ሄዱ። አይጦቹ አንቲባዮቲክ ተሰጥቷቸው የአንጀት ባክቴሪያቸው ሲመናመን እነዚህ ሕዋሳትም ቀነሱ፣ የኩላሊቱም ጉዳት ቀለለ። ይህ ስለ አይጥ የተነገረ ነው፤ ተነስቶ አንቲባዮቲክ መዋጥ ማለት አይደለም።

(አጭር ሙዚቃ)

ወደ እኛ ቤት እንምጣ። በአገራችን ከጉሮሮ ሕመም በኋላ ሽንት ሲጠቁር ሌላም መታሰብ ያለበት በሽታ አለ፤ በተለይ በልጆች ላይ። ስትሬፕቶኮከስ የተባለው ባክቴሪያ ጉሮሮን ወይም ቆዳን ካጠቃ በኋላ የሚመጣ የኩላሊት ቁጣ ነው። እከክ ተቧጥጦ ሲመረቅዝም ይመጣል። ልዩነቱ በቀን ቆጠራ ይታወቃል። አይ ጂ ኤ ከሆነ ሽንቱ የሚጠቁረው ከጉሮሮው ሕመም ጋር አብሮ፣ ወይም በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ነው። ስትሬፕቶኮከስ ከሆነ ጉሮሮው ከታመመ ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት በኋላ፣ በቆዳ ከሆነ ደግሞ እስከ ስድስት ሳምንት ቆይቶ ነው። ልጁ ጠዋት ዓይኑ ዙሪያ አብጦ ይነሳል፣ የደም ግፊቱ ይጨምራል። አብዛኞቹ ልጆች ይድናሉ፤ ግፊቱ ግን ሕይወት ሊያሳጣ ስለሚችል ያን ዕለት መታየት አለባቸው።

ስለ ቶንሲል ካነሳን ጃፓን ውስጥ ለአይ ጂ ኤ ሕሙማን ቶንሲላቸውን በቀዶ ሕክምና ማውጣት የተለመደ ነው፤ ብዙ የምዕራቡ ዓለም ሐኪሞች ግን በጥቅሙ አልተስማሙም። ይህን የሰማ ሰው እንጥል ማስቆረጥ ለኩላሊት ይጠቅማል ብሎ እንዳያስብ። እንጥልና ቶንሲል የተለያዩ ናቸው። በመንደር ምላጭ የሚደረገው ቆረጣ የሚያመጣው ደም መፍሰስና ኢንፌክሽን እንጂ ፈውስ አይደለም።

ስለ ምግብ እንደምትጠይቁኝ አውቃለሁ። በእርሾ የቦካ እንጀራ ለአንጀት ባክቴሪያ ጥሩ ነው ሲባል ትሰማላችሁ። እርሾው ውስጥ ያሉት ሕያዋን ምጣድ ላይ ይሞታሉ፤ ስለዚህ እንጀራ ስንበላ ባክቴሪያ እየዋጥን አይደለም። የሚጠቅመው የጤፉና የጥራጥሬው ቃጫ ነው። እኛ መፍጨት የማንችለውን ቃጫ የአንጀት ባክቴሪያዎች ያብላሉትና የአንጀትን ሽፋን የሚመግቡ፣ ቁጣንም የሚያበርዱ አሲዶች ያወጣሉ። ኩላሊቱ እጅግ የደከመ ሰው ግን ጥራጥሬና አትክልት ላይ ያለው ፖታሲየም ሊያስቸግረው ስለሚችል ልኩን ሐኪሙ ይንገረው። ወገብ ባመመ ቁጥር ከመድኃኒት ቤት ያለ ማዘዣ የሚገዛው ዲክሎፌናክስ? ለታመመ ኩላሊት ከዚያ የከፋ ነገር ማግኘት ይቸግራል።

ጃፓን ከ1974 ጀምሮ የትምህርት ቤት ልጆችን ሽንት በየዓመቱ ትመረምራለች። ብዙዎቹ የአይ ጂ ኤ ሕሙማን እዚያ የሚገኙት ምንም ሳያማቸው በዚህ ምርመራ ነው። የሚያስፈልገው ሽንት ውስጥ ተነክሮ ቀለሙ የሚለወጥ ቀጭን ወረቀት ነው፤ በእኛም ጤና ጣቢያ ይሠራል። ሽንታችሁ ከጠቆረ፣ አረፋ ከበዛበት፣ እግራችሁ ወይም ፊታችሁ ካበጠ፣ ወይም ደም ግፊት በወጣትነታችሁ ከተገኘባችሁ ይህን ምርመራ ጠይቁ። ስትሄዱም ጉሮሯችሁን ያመማችሁ መቼ እንደነበረ፣ ሽንቱ የጠቆረው በስንተኛው ቀን እንደሆነ ጽፋችሁ ያዙ። ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።

የሚቀጥለው ሳምንት ርዕሳችን የደም ግፊት ነው። ደህና ሰንብቱ።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)